በብርሃን የሚነቁ ስስ ሽፋኖች የመድኃኒት ቅሪትን ከፍሳሽ ማስወገድ ይችላሉ?

አንድ ሕመምተኛ አሞክሳሲሊን ሲውጥ ከመድኃኒቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። የስኳር ሕሙማን በየቀኑ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ጭራሽ አይፈራርስም፤ ሥራውን ሠርቶ እንደገባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም።

ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። በአውሮፓውያኑ 2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ የታተመና በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት በ104 አገራት ከሚገኙ 258 ወንዞች ናሙና ወስዶ 61 ዓይነት ንጥረ ነገሮችን ፈልጓል። ከፍተኛው አማካይ ክምችት የተመዘገበው በፓኪስታኗ ላሆር ሲሆን መጠኑም በሊትር 70.8 ማይክሮግራም ነበር። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ በ68.9 ማይክሮግራም ተከትላለች። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ነበረች፤ 51.3 ማይክሮግራም በሊትር። ናሙና ከተወሰደባቸው ቦታዎች ከሩብ በሚበልጡት ቢያንስ አንድ ንጥረ ነገር ለውሃ ውስጥ ሕይወት አስጊ ነው ከሚባለው መጠን አልፎ ተገኝቷል።

ከሁሉም በላይ ተደጋግመው ከተገኙት መካከል የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን፣ ሜትፎርሚንና ካፌይን ይገኙበታል። ካፌይን በቡና አገር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ማንንም አያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ውሃው እንደሚገባ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለውን ቅሪት ለማስወገድ በዓለም ዙሪያ ቤተ ሙከራዎች በስፋት ከሚሠሩባቸው ዘዴዎች አንዱ በፀሐይ ወይም በመብራት ብርሃን የሚነቃ ቅይጥ ስስ ሽፋን ነው። ፀሐይ ሞልቶ የመብራት ኃይል ለሚቆራረጥበት የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና ሐሳቡ ከሩቅ ሲታይ ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ልኩ የሚሆነው ለአንዳንድ ቦታዎች ብቻ ነው።

ትንሽ መጠን ለምን ያሳስባል?

ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአዲስ አበባ ወንዞች በተገኘው አማካይ ክምችት ቢሰላ፣ በአንድ ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ውስጥ ያለውን ያህል መድኃኒት ለማግኘት ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚጠጋ የወንዝ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስጋቱ አንድ ሰው ውሃውን ጠጥቶ በመድኃኒት ይመረዛል የሚል አይደለም።

ስጋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች በኦንታሪዮ ግዛት በሚገኝ አንድ የሙከራ ሐይቅ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚሠራበትን ኢስትሮጅን ጨመሩ። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር፤ ይህም ከማይክሮግራም በብዙ እጅ ያነሰ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የእንስት ባሕርይ ያሳዩ ጀመር፤ በሐይቁ የነበረው የአንድ ትንሽ ዓሣ ዝርያም ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ውጤቱ በ2007 ታትሟል።

የአንቲባዮቲክ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ ሰውን ይመለከታል። ባክቴሪያዎች ሊገድላቸው ከሚችለው ባነሰ መጠን ለመድኃኒት ሲጋለጡ የሚቋቋሙት ዝርያዎች ተመርጠው ይበዛሉ። ዘ ላንሴት በ2022 ያወጣው ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ መሞታቸውን ገምቷል፤ ሸክሙ የከበደውም ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት ነው። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት መድኃኒትን ያለ አግባብ መጠቀም ቢሆንም ፍሳሽ የራሱ ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2024 ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣውም በዚህ ስጋት ነው።

ነባሮቹ ማጣሪያዎች ለምን አይዙትም?

የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የተሠሩት ለሌላ ሥራ ነው። ደረቅ ቆሻሻውን ያዘቅጣሉ፤ የሚበሰብሰውን ደግሞ ለባክቴሪያዎች ይመግባሉ። ፓራሲታሞልን የመሰሉ መድኃኒቶች በዚህ ሂደት በአብዛኛው ይበላሉ። ካርባማዜፒን ግን ባክቴሪያዎች የማይደፍሩት ሞለኪውል በመሆኑ ሳይነካ አልፎ ይወጣል። ዳይክሎፌናክ በመካከል ነው፤ ጥቂቱ ይቀራል፣ አብዛኛው ያልፋል።

ይህም ፍሳሹ ወደ ጣቢያ ሲደርስ ነው። በአዲስ አበባ ብዙው ነዋሪ የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ሲሆን ከየሰፈሩ የሚወጣው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ወንዞች ይገባል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ። በመንገዳቸው ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማባቸዋል። አዋሽ ደግሞ ወደ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ አልፎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የተሸከመውን ሁሉ አጥቦ የሚወስድለት ውቅያኖስ የለውም።

የካምፓላ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። የናኪቩቦ ቦይ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባው በቪክቶሪያ ሐይቅ ወደሚገኘው የመርቺሰን ባሕረ ሰላጤ ነው። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳባቸው ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ጋባም የሚገኘው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። በኬንያ በናይሮቢ ወንዝ ተፋሰስና በኪሱሙ አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ እንደ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ያሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን በውሃው ውስጥ አግኝተዋል። እነዚህ መድኃኒቶች በቀጠናው የብዙዎችን ሕይወት ታድገዋልና መፍትሔው አጠቃቀማቸውን መቀነስ ሊሆን አይችልም።

ብርሃኑ ምን ይሠራል?

ታሪኩ የሚጀምረው በጃፓን ነው። አኪራ ፉጂሺማ በ1960ዎቹ መጨረሻ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ብርሃን ሲያርፍ አረፋ መውጣቱን አስተዋሉ። ውሃው ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እየተከፈለ ነበር። ከመምህራቸው ኬኒቺ ሆንዳ ጋር ግኝቱን በ1972 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት አወጡ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ለግድግዳ ቀለምና ለጥርስ ሳሙና ንጣትን የሚሰጠው ዱቄት ነው።

ቁሱ ሴሚኮንዳክተር ይባላል። በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ተፈናቅሎ ይዘላል፤ የነበረበት ስፍራም ባዶ ክፍተት ይሆናል። ኤሌክትሮኑ በውሃ ውስጥ ከሟሟ ኦክስጅን ጋር፣ ክፍተቱ ደግሞ ከውሃው ጋር ሲገናኙ እጅግ ንቁ የሆኑ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ሃይድሮክሲል ራዲካል ነው። ይህ ቅንጣት ያገኘውን የካርቦን ሞለኪውል ሁሉ ይነጥቃል፣ ይሰብራል፤ መድኃኒትም ይሁን የልብስ ቀለም አይመርጥም። ሂደቱ እስከ መጨረሻው ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ጥቂት ጨዎች ይለወጣል። ሴሚኮንዳክተሩ ራሱ በዚህ ሁሉ አያልቅም፤ በዚህም ምክንያት ፎቶካታሊስት ይባላል።

የሃይድሮክሲል ራዲካል ዕድሜ ግን እጅግ አጭር ነው። ከተወለደበት ቦታ ርቆ መሄድ ስለማይችል መድኃኒቱ ራሱ ወደ ቁሱ ገጽ መምጣት አለበት። የዘዴው ብዙ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለምን ቅይጥ? ለምን ሽፋን?

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሁለት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው የሚነቃው በአልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህ ጨረር ደግሞ ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የተፈናቀለው ኤሌክትሮን ሥራ ሳይሠራ ወደ ክፍተቱ ተመልሶ ይወድቃል፤ ያኔ የተቀበለው ብርሃን በከንቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

መቀየጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በዓይን የሚታየውን ብርሃን የሚቀበል ሌላ ሴሚኮንዳክተር ይጨመራል። በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድ የተባለው ቢጫ ዱቄት ሲሆን አርሶ አደሩ በማዳበሪያነት ከሚያውቀው ዩሪያ ሊሠራ ይችላል። ዩሪያው በምድጃ ውስጥ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚቀረው ይኸው ቢጫ ዱቄት ነው። ሁለቱ ቁሶች በሚነካኩበት ድንበር ላይ ኤሌክትሮኑ ወደ አንዱ፣ ክፍተቱ ወደ ሌላው ያዘነብላሉ፤ ተራርቀው ስለሚቆዩም ሁለቱም ሥራቸውን ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደ ግራፊን ኦክሳይድ ያለ የካርቦን ቁስ ይጨምራሉ፤ ይህ የመድኃኒቱን ሞለኪውል ስቦ ከገጹ ጋር ያጣብቀዋል።

ወደ ሽፋን የተኬደበት ምክንያት ደግሞ ተግባራዊ ነው። ካታሊስቱ በዱቄት መልክ ውሃ ውስጥ ሲበተን በደንብ ይሠራል፤ ችግሩ መልሶ መልቀም ነው። ለንግድ የሚቀርበው የታወቀ ዓይነት ቅንጣት 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ስላለው በተራ ማጣሪያ አይያዝም። መድኃኒቱን አጥፍቶ ናኖ ዱቄትን ወደ ወንዝ መልቀቅ ደግሞ አንዱን ብክለት በሌላ መተካት ነው። ስለዚህ ቅይጡ በመስታወት ላይ ይቀባና በእሳት ይጋገራል፤ አለዚያም በፕላስቲክ፣ በሴሉሎስ ወይም ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚገኘው ካይቶሳን ውስጥ ተቀላቅሎ እንደ ስስ ሉህ ይዘረጋል። ውሃው በላዩ ይፈሳል፤ ሽፋኑ በቦታው ይቀራል፤ ሲቆሽሽ ታጥቦ ተመልሶ ያገለግላል።

የሚከፈለው ዋጋ ፍጥነት ነው። ከዱቄት እያንዳንዱ ቅንጣት ዙሪያውን ከውሃ ጋር ይገናኛል። ከሽፋን ግን የሚገናኘው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው።

የቤተ ሙከራ ውጤት እንዴት ይነበብ?

በዘርፉ የሚወጡ ጽሑፎች 95 በመቶ ወይም 99 በመቶ የሚሆነው መድኃኒት ተወገደ ሲሉ ማንበብ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ዜና የሚያነብ ሰው ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት አለበት።

ውሃው ምን ዓይነት ነበር? ብዙ ሙከራዎች የሚደረጉት ንጹሕ የተጣራ ውሃ ውስጥ መድኃኒት በመጨመር ነው። እውነተኛ ፍሳሽ በሚበሰብሱ ነገሮች የተሞላ ነው፤ ራዲካሎቹ ደግሞ መድኃኒቱን ለይተው ስለማያውቁ አብዛኛው ጉልበታቸው በእነዚያ ላይ ያልቃል። ባይካርቦኔትም ራዲካሎችን ይበላል፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃዎች ደግሞ በባይካርቦኔት የበለጸጉ ናቸው። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ ብርሃኑ ከሽፋኑ ላይ መድረስ አይችልም።

መጠኑስ? አብዛኞቹ ሙከራዎች በሊትር 10 ወይም 20 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ቴትራሳይክሊን ይጠቀማሉ። ይህ በአብዛኞቹ ወንዞች ከሚገኘው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ መጠን በርካሽ መሣሪያ ይለካል። ነገር ግን ሞለኪውሎቹ ሲሳሱ ገጹን የማግኘት ዕድላቸውም ይቀንሳል።

መድኃኒቱ ጠፋ ወይስ ተለወጠ? የመነሻው ሞለኪውል ከመለኪያው ላይ መጥፋቱ ተፈራርሷል ማለት ብቻ ነው። ስብርባሪዎቹ አንዳንዴ ከዋናው ያልተናነሰ መርዛማ ናቸው። ጥሩ ጥናት በውሃው ውስጥ የቀረውን ጠቅላላ ካርቦን ይለካል፤ ውሃውንም በባክቴሪያ ወይም በውሃ ውስጥ ፍጥረታት ላይ ይሞክራል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ያለ ምንም ካታሊስት በፀሐይ ብርሃን ብቻ ይፈራርሳል፤ ስለዚህ ያለ ሽፋን የተደረገ ማነጻጸሪያ ሙከራ ከሌለ የፀሐይን ሥራ ለሽፋኑ መስጠት ይሆናል።

በመጨረሻም ከሽፋኑ ራሱ ምን ይለቃል? ብር ወይም ካድሚየም የያዙ ቅይጦች በቤተ ሙከራ ጥሩ ቢሠሩም፣ ካድሚየም የሚለቅ ማጣሪያን ጎመን በሚጠጣበት ወንዝ አጠገብ መትከል ለዚህ ጸሐፊ ትርጉም አይሰጥም።

ፀሐይ በነጻ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም

መብራት መጠቀምስ አይቻልም? በ2018 የታተመ የተለያዩ ዘዴዎችን ያነጻጸረ ግምገማ እንዳሳየው ኦዞን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ኃይል ሲፈጅ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚሠራ ፎቶካታሊስት ከ100 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። በዚህ ስሌት ዘዴው ያለ ፀሐይ አያዋጣም። የፀሐይ ሙከራዎች ለረጅም ዓመታት ከተካሄዱባቸው ማዕከላት አንዱ በደቡብ ስፔን አልሜሪያ የሚገኘው የፀሐይ ኃይል ምርምር ጣቢያ ነው፤ እዚያ ውሃው ብርሃን በሚሰበስቡ መስታወቶች መካከል በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ እንዲዞር ይደረጋል።

ፀሐይ ደግሞ ስፋት ትጠይቃለች። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ካሬ ሜትር ሽፋን በሰዓት 10 ሊትር ያጠራል፣ በቀንም 6 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ያገኛል እንበል። በቀን 60 ሊትር ይሆናል። በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ ሆስፒታል ወደ 1,700 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ሩብ ያህል ነው፤ በጣሪያና በግቢ ሊገኝ ይችላል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚቀበል የከተማ ጣቢያ ግን ከ160 ሄክታር በላይ ይፈልጋል። ፍሳሹ ሌሊትም ይፈሳል፤ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለፀሐይ መሣሪያ የሚመቹ ወራት አይደሉም።

ስለዚህ ሽፋኑ ለቀጠናው ከተሞች ሙሉ ፍሳሽ መልስ ሊሆን አይችልም። ሊጠቅም የሚችለው መድኃኒቱ ገና ሳይቀጥን በሚገኝበት፣ ውሃው ጥቂትና ቀድሞ በተጣራበት ቦታ ነው፤ ማለትም በሆስፒታሎችና በመድኃኒት ፋብሪካዎች የማጣሪያ ሂደት መጨረሻ ላይ። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት አምራቾች የኢንዱስትሪ ፓርክ አዘጋጅታለች። ኬንያና ኡጋንዳም የመድኃኒት ፋብሪካዎች አሏቸው። የፋብሪካ ፍሳሽ ከከተማ ፍሳሽ የሚለየው ባለቤቱ መታወቁ ነው።

እንዲህም ሆኖ አብዛኛው የመድኃኒት ቅሪት የሚወጣው ከየቤቱ በመሆኑ፣ ቧንቧ ያልደረሰበትን ሰፈር ወደ ተራ ማጣሪያ ማገናኘት ከየትኛውም ሽፋን የበለጠ ወንዙን እንደሚያጸዳ አያጠራጥርም።

ወጪውን ማን ይሸፍን?

ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎቿ ኦዞን ወይም አክቲቬትድ ካርቦን የተባለውን የከሰል ማጣሪያ እንዲጨምሩና ከተወሰኑ ጥቃቅን በካዮች 80 በመቶውን እንዲያስወግዱ በሕግ ደንግጋለች። ለዚህም በየጣቢያዎቹ በኩል በዓመት እስከ 9 ፍራንክ በነፍስ ወከፍ ይሰበሰባል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በጥር 2025 በጸና ሕጉ ትልልቅ ጣቢያዎች እስከ 2045 ተመሳሳይ ደረጃ እንዲጨምሩ፣ ከወጪውም ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲሸፍኑ ወስኗል። አምራቾቹ ውሳኔውን በፍርድ ቤት ተቃውመውታል።

ሁለቱም የመረጧቸው ዘዴዎች የቆዩና የተፈተኑ ናቸው፤ ሽፋኖቹ ገና እዚያ ደረጃ አልደረሱም። ኦዞን ግን የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ከሰሉም መድኃኒቱን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲሞላ መተካት ወይም በከፍተኛ ሙቀት መታደስ አለበት። የሽፋኖቹ ተመራማሪዎች ተስፋ የሚያደርጉትም በእነዚህ ክፍተቶች ነው።

ከዚያ በፊት ግን መለካት ይቀድማል። በሊትር ጥቂት ናኖግራም የሆነ መድኃኒት ለማግኘት ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አንድ ሆስፒታል ሽፋን ቢተክል እንኳ መሥራቱን የሚያውቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በ2022ቱ ጥናት ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌሎቹ አገራት የተቀዱት ናሙናዎች በሙሉ የተመረመሩት እንግሊዝ፣ ዮርክ ተልከው ነው።